የአርባ ሁለት ወላጆች ፊርማ

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከሥራ ካስባረርከኝ ወዲህ እንዲያውም ፊትሽ ወዝ አውጥቷል ይሉኛል። ያለ ሰላምታ ብጀምር የሚቀየመኝ አባቴ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። አንተን የሚያስቀይምህ ከታች ይመጣል።

ለትምህርት ቤቱ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት በፎቶግራፍ አየሁት። «ወላጅንና ትምህርት ቤትን በንባብ ያስተሳሰረ» ይላል። አንተ ምክትል ርዕሰ መምህሩ መካከል ላይ ቆመህ፣ ክራባትህ አንገትህን አንቆህ፣ ጥርስህ በሙሉ ይታያል። የአይጥ ምስክሯ ድምቢጥ።

የንባብ ካርዱን ያመጣኸው አንተ ነህ። ልጅ በቤቱ ሃያ ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ መምህር ይሰበስባል። እኔ ሁለተኛ ክፍሎችን ሳስነብብ፣ ካርዷ አንድም ቀን ሳይጎድል የተፈረመላት ልጅ የመጀመሪያውን መስመር መጨረስ አቃታት። ልብስ ሰፊ እናቷን በር ላይ ጠብቄ ጠየቅኋት። ፈርሚ ሲሏት እንደምትፈርም፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን እንደማታውቅ አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ።

ታዲያ ምን አጠፋሁ? ፊርማውን ተውኩት። ልጆቻቸው ያነበቡላቸውን ታሪክ ጠዋት በር ላይ በአፋቸው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ማንበብ ያልቻለ ሰው መስማትም አይችልም ያለው ማነው? ግንበኛው አባት የቀበሮዋን ተንኮል ሲያወራ ሌሎቹ ያርሙት ነበር። ዘበኛው ሳይቀር፣ ዛሬስ ቀበሮዋ ምን ሆነች እያለ መጠየቅ ጀመረ። ፊደል መቁጠር የፈለገ ወላጅ ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከልጁ ጎን ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ እየወጣ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ሙሉ ገጽ አነበበች።

አንተ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ መሆኑን ስትሰማ፣ ያስጨነቀህ ካርዶቹ ባዶ መሆናቸው ብቻ ነበር። ክፍሌን ቆለፍክና «መሃይም ሰብስበሽ አታሳፍሪኝ» አልከኝ። መቼም እንደነገርከኝ የጡረተኛ መምህርት ልጅ ነህ፤ ያቺ ሩቅ አገር ናት እያልክ አንድም ቀን ያላሳየኸኝ እናትህ። በማግስቱ አርባ ሁለቱም ካርዶች ተፈርመው ጠረጴዛህ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። የአርባ ሁለት ወላጅ ፊርማ፣ ሁሉም ጅራቱ ወደ ላይ የተቆለመመ፤ በፍቅር ደብዳቤዎችህ ግርጌ እንደማውቀው። ይህን አፍ አውጥቼ ስናገር ስም አጥፊ ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። ቀለበትህንም እዚያው ካርዶቹ ላይ ትቼልህ ወጣሁ።

ክፍሌ ተቆለፈ እንጂ ትምህርቱ አልተቆለፈም። ልብስ ሰፊዋ የስፌት ቤቷን ሰጠችን። ጨርቁን ወደ ጥግ እንገፋለን፣ ልጅ ያነባል፣ ወላጅ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ ወላጅ ያነብና ልጅ ይቆጣዋል። ከመምህራንህ ሁለቱ ካንተ ተደብቀው ይመጣሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ አትድከም፣ አልነግርህም።

ከሦስት ወር በፊት አንዲት እናት ያለ ልጅ ብቻቸውን መጡ። የሰው ልብስ ሲያጥቡ ኖረው እጃቸው ተልጧል። ልጅዎስ የታል አልኳቸው። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ እሱም ትምህርት ቤት ውስጥ አለቃ ነው አሉኝ። ትንሽ ሳለ የውጤት ካርዱን ራሱ ይፈርምላቸው እንደነበር፣ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራም እንዳይመጡ ይከለክላቸው እንደነበር አጫወቱኝ። ምን ብሎ ይከለክልዎታል ብላቸው፣ ሳቅ ብለው «አታሳፍሪኝ ብሎ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጎበዝ ተማሪ ናቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አያነሱም፤ ካልገባቸውም እንደ አንዳንዱ ሰው የገባቸው መስለው አይታዩም።

ይህን ደብዳቤ ቀደህ ልትጥለው ትችላለህ። ፖስታውን ግን አትጣለው። አድራሻውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ፊደሎቹ ይንገዳገዳሉ፤ ስምህ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሦስት ወር ሙሉ የተለማመዱት እሱን ነው።

እጅህ በሰው ስም ከመፈረም ይረፍ። ደጅህን የሚያንኳኳ ወላጅ አትጣ፤ ስታገኝም አትፈር።

የቀድሞ እጮኛህ