ከአምስተኛው ጎማ የሚመጣው ቁጥር

ውድ ወንድሜ ከፈለ፣

እንደምን ከርመሃል? የጉልበትህ ቁርጥማት በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎህ ይሆን? ባለቤትህ በዛብሽስ ደኅና ናት? መቅደላዊት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ሒሳቡ እንዳያመልጣት አደራ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጁባ ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ይህን ደብዳቤ ዓርብ በሚበር ሰው እጅ የላክሁት ነገሩ በስልክ የሚባል ስላልሆነ ነው። በርህን ዘግተህ ለብቻህ አንብበው። እኅታችን መንበረ እዚያው ካለች ኪስህ ክተተውና እሷ ስትሄድ አውጣው።

የምታውቀውንም የማታውቀውንም በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ፤ መንበረ አንድ በአንድ ትጠይቅሃለችና። ልጇ ዮፍታሄ ከዚህ የወጣው በ2008 ሐምሌ ሦስት፣ እሑድ ጠዋት ነው። ከእሱ መኪና ጋር አንድ ዓይነት መኪና ያለው ጓደኛው፣ ጀበል ወደሚባለው ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶበት ደወለለት። ከተማው ውስጥ የወታደሮቹ ተኩስ እንደገና መጀመሩ ነበር። መኪና ይዞ መውጣት መኪናውን ማስቀማት ስለሆነ ዮፍታሄ ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ብቻ ፈትቶ ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ጭኖ ሄደ። ተከራይቶ ይኖርበት የነበረው ግቢ ባለቤት ወይዘሮ ሒሩት፣ «ጋሼ፣ ‹አሁን መጣሁ፣ ሽሮዬን እንዳታሳርሪብኝ› ብሎኝ ነው የወጣው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እሱንም ጓደኛውንም ያየ የለም።

እኔ ባለፈው ኅዳር ስደርስ መኪናው ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ፣ በተወበት ቆሞ አገኘሁት። ልጁን የምፈልግበት እግር እንዲሆነኝ አሠራሁት። ሞተሩ ተነሣ፤ የጎማ ንፋስ መብራት ግን ብልጭ ድርግም እያለ አልጠፋ አለ። ጀበል ገበያ አጠገብ ጋራዥ ያለው የጅማው ልጅ ረፊቅ ነገሩን አስረዳኝ። በየጎማው ውስጥ፣ ከንፋስ መግቢያው ሥር፣ ጣት የምታህል ሴንሰር አለች። የጎማውን ንፋስ እየለካች ከራሷ መለያ ቁጥር ጋር በሬዲዮ ሞገድ ለመኪናው ትነግረዋለች። ባትሪዋ ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሞላት ትሞታለች፤ ባትሪ አይቀየርላትም፣ ራሷ ትቀየራለች። የዚህ መኪና አራቱም ሞተዋል።

አዳዲሶቹ ከካምፓላ በጭነት መኪና ካስተም የሚባለው ገበያ ድረስ መጡ። የመጀመሪያዎቹ ሞገዳቸው የተለየ ሆኖ መኪናው አልሰማቸውም። መልሰን ሌላ እስክናስመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ረፊቅ ጎማዎቹን ከቸርኬያቸው አላቆ አሮጌዎቹን አወጣ፣ አዲሶቹን ከነላስቲካቸው አሰረ፣ ነፋ፣ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ከፊት ግራ ጀምሮ አንድ በአንድ እየቀሰቀሰ ቁጥራቸውን አነበበ። በመጨረሻ ገመዱን ከመሪው ሥር ሰክቶ ቁጥሮቹን ወደ መኪናው ማኅደር አስገባ። እኔም እያየሁ በደብተሬ ገለበጥሁ።

ማኅደሩ ግን አምስት ረድፍ አለው። አምስተኛው ረድፍ ላይ የስኮርታው ሴንሰር ቁጥር ተጽፏል። ይቺን ዮፍታሄ ሊጠፋ አንድ ወር ሲቀረው ያስገባለት ራሱ ረፊቅ ስለሆነ አዲስ ናት። ረፊቅ፣ «ጎማው የለም፤ ላጥፋውና መብራቱ ይረፍልህ» አለኝ። ተው አልሁት። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር መልቀቂያ ያልመጣለትን ልጅ ስም ከመዝገብ ሰርዤ አላውቅም። ረፊቅ ሳቀና፣ «ቲቸር፣ እንግዲህ ጎማውን ስም ጥራና ‹አቤት› ይበልህ!» አለኝ። ጉዳዩን በዚያው ተውነው። በዳሽቦርዱ ላይ የአራቱ ጎማዎች የንፋስ ልክ በቁጥር፣ ከሥራቸው አንድ ሰረዝ ይታይ ጀመር።

ጥር ዐሥራ አራት ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ከጀበል ተራራ ሥር ስነዳ ሰረዙ ጠፋና 29 የሚል ቁጥር መጣ። መኪናውን አቆምሁ። ቁጥሩ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ሰረዝ ሆነ። መንገዱ ላይ አቧራና የድንጋይ ጫኝ መኪኖች እንጂ ሌላ አልነበረም። ረፊቅን ስጠይቀው የማይሽከረከር ጎማ ዝም እንደሚል፣ ሴንሰሯም ድምፅዋ ከጥቂት ሜትር እንደማያልፍ ነገረኝ። እንግዲህ ያ ጎማ ከአጠገቤ እየተሽከረከረ ነበር። «ጂን እንኳ ቢሆን ባትሪ ያለው ጂን ነው» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ እሱም ግን አልሳቀም።

በየጠዋቱ በዚያ መንገድ መመላለስ ጀመርሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቁጥር እያልሁ መዘገብሁ። በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ ሰባት ጊዜ መጣ፣ ሁልጊዜም 29 ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ የግቢው በር ከተዘጋ በኋላ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ቁጥሩ ቦግ አለ። ወይዘሮ ሒሩት ልብስ እያሰጣች ነበር። ጠራኋትና አሳየኋት። አማተበች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ስሙን እንዳትጠራው» አለችኝ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መንገዱ ላይ አንዲት ፍየል ብቻ ቆማ ታየኛለች፤ አቧራው ገና አልተቀመጠም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጉዳይ ይዞኝ በዚያ ያለፍሁት ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ቁጥሩ 33 አለ። መኪናውን አቁሜ በደብተሬ ጻፍሁት። እዚህ አገር ጎማ የሚለካ የለም፤ በእግር መታ መታ አድርገው ይነዳሉ። በሠላሳ ሦስት ልክ ንፋ ብዬ ያስተማርሁት አንድ ሰው አውቃለሁ፤ እሱም ዮፍታሄ ነው። አንድ እጅ ጎማውን ነፍቶታል፣ ያም እጅ የእሱ ነው አልሁ። ያን ቀን ነው «ምልክት አግኝቻለሁ፣ ለቅሶው ይቆይ» ብዬ የደወልሁልህ። እርሟን ልታወጣ ድንኳን ያዘዘችው መንበረ ድንኳኑን እንደመለሰች፣ ለማርያምም ጃንጥላ እንደተሳለች አንተ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ከፈለ፣ በዚያ ደስታዬ አፍራለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፊቅ መሣሪያውን ይዞ አብሮኝ ወጣ። ከተራራው ሥር ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች መኪኖቻቸውን ወደሚያቆሙበት ሄድን። አንዲት ታርጋ የሌላት፣ የኋላ ወንበሯ ወጥቶ ጠጠር የሚጫንባት መኪና ነበረች። ከዮፍታሄ መኪና አትለይም። ረፊቅ መሣሪያውን ከኋላ ቀኝ ጎማ አስጠግቶ ቁጥሩን አነበበልኝ። ከደብተሬ ጋር ፊደል በፊደል ሁለት ጊዜ አመሳከርሁት። እሱ ነው።

ባለቤቱ ላዶ የሚባል ሽበታም ድንጋይ ፈላጭ ነው። «ሰላም ታኪ» አልሁት፤ የቀረውን ረፊቅ በዐረብኛ ጠየቀልኝ። ሰውዬው መዶሻውን አስቀመጠና፣ «የልጁ አባት ነህ?» አለ። አጎቱ ነኝ አልሁት። በዚያ ሐምሌ መኪናይቱን መንገድ ዳር በክሪክ ላይ እንደቆመች አግኝቷታል። ጎማው ገብቷል፣ ዳዶው ግን የታሰረው ሁለቱ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አጠገቧ ወድቀዋል። በሦስተኛው ቀን ተኩሱ ጋብ ሲል ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አፈሩ ከሚለሰልስበት ቀበራቸው። ፈላጊ ሲጠብቅ ቆይቶ የቀሩትን ዳዶዎች አጥብቆ መኪናይቱን ወሰደ። «ልጆቼ መብላት ነበረባቸው፤ ብትወስዳት ያንተ ናት» አለ። ከቤቱም አንድ ቆርቆሮ አመጣ። ውስጡ እንደ እስክሪብቶ ያለች የጎማ ንፋስ መለኪያ ነበረች፤ ከአንደኛው ልጅ እጅ ነው ያገኛት። ምን እንደሆነች ስላላወቀ የሐኪም ዕቃ መስላው አስቀምጧታል። ወደ ጁባ ሲሄድ የሰጠሁት ናት። ስሙን በእጄ ጽፌ የለጠፍሁባት ወረቀት ሳይቀር አለ።

ጎማውን በቅርቡ ማን እንደነፋው ጠየቅሁት። ከገና ወዲህ ማንም አልነካውም አለ። በየጠዋቱ ጠጠር ይጭናል፣ ከሰዓት በኋላም በፀሐይ ሲመላለስ ይውላል። ከግቢያችን ጀርባ ለሚሠራው ቤት ጠጠር የሚያመላልሰውም እሱ ነው። አየር ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር ስንት ትውልድ ያስተማርሁ ሰው የጁባን ፀሐይ የልጄ እጅ አደረግኋት። ጥያቄው ለዘጠነኛ ክፍል እንኳ ቀላል ነበር። ያልመለስሁት መልሱን ስላልፈለግሁት ነው። መኪናይቱን ለላዶ ተውኳት።

አሁን ሥራው ያንተ ነው። በስልክ እንዳትነግራት፣ ለብቻህም እንዳትሄድ። የንስሐ አባቷንና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ይዘህ ሳይነጋ ሂድ፤ በዛብሽ ከጎኗ ተቀምጣ ወገቧን ትያዝ። መቃብሩን እንዳየሁት፣ አፈሩ ንጹሕ እንደሆነ፣ ከላይ ድንጋይ እንደደረደሩበት፣ ቄስ ወስጄ ፍትሐት እንዳስደረግሁ ንገራት። ለቅሶዋን ያስመለስኋት እኔ እንጂ አንተ እንዳልሆንህም ንገራት፤ ቁጣዋ ወደ እኔ ይምጣ።

በዛብሽን ሰላም በልልኝ፤ ያን ጠዋት ብርቱ እንድትሆን ለምናት። መቅደላዊትን ግንባሯን ሳምልኝ። ወይዘሮ ሒሩትና ረፊቅ ሳያውቋችሁ ያጽናችሁ ብለዋል። ለመንበረ በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አልላክሁም፤ ሳትሰማ እንደምን ነሽ ልላት አልቻልሁም። ነግረሃት፣ አልቅሳ፣ እህል የቀመሰች ዕለት ደውልልኝ። ያን ጊዜ በራሴ አፍ ሰላም እላታለሁ።

ወንድምህ የሺጥላ
ጁባ፣ ኮር ዊሊያም
የካቲት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.