አባባን የረሳሁበት ነሐሴ

ሐምሌ 27

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሥራ ጀመርኩ፣ አንዱንም አልጨረስኩም። የአስቻለች ቀሚስ አንድ እጁ ተሰፍቶ ሌላው ማሽኑ ላይ ቀረ። መቀስ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ፣ ጓዳ ውስጥ የአዝራር ጣሳ አገኘሁ፣ አዝራሩን በቀለም በቀለም ስለይ ቀኑ ሄደ። መቀሱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የአባባ ምሳ ግን አላለፈም። ስልኬ ጮኸልኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጠርዟ በተሸረፈችው ሳህን፣ ወጡ ከጎመኑ ሳይነካካ። ዓይናቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆነ፤ ሳህኗን በጣታቸው ዳሰው ነው የሚያውቋት። በሌላ ካቀረብኩ አይበሉም።

ማምሻውን አስቻለች መጣች። "ሰኞ አልሽኝ፣ ሐሙስ አልሽኝ፣ አሁንስ ምን ልትይኝ ነው?" ፊቷን ማየት አቃተኝ። ግድግዳውን እያየሁ "ነገ" አልኳት። ደጅ ወጥታ "ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት" ስትል ሰማሁ። ጆሮዬን የሚያልፈው ነገር ቢኖር ምናለ...

ሐምሌ 30

ፈርሂያ ከጅዳ ድምፅ ላከች። የጎረቤታችን የእማማ በዛች ልጅ፣ አብሮ አደጌ። እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ አንድ ወንድ ልጅ ታሳድጋለች።

"ጸዲ፣ ወላሂ ይህን ልጅ ባየሁ ቁጥር አንቺ ነሽ ትዝ የምትይኝ። ልብሱ አንገት ላይ ያለችው ጨርቅ ካልተቆረጠች አይለብስም። እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ኦቲዝም ይሉታል። ሐኪም አለው፣ አስተማሪ አለው። አንቺን እኮ ጸበል ነው የወሰዱሽ።"

ሦስቴ ሰማሁት። ጸበል ሲወስዱኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁለት ወር፣ በዚያ ውርጭ። ጩኺ ይሉኛል፣ አልጮህም። የሚጮኽ ነገር ከየት ላምጣ?

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። አባባን ይዤ ማርያም አደረስኳቸው። ቅዳሴ ስምንት ሰዓት ይወጣል፤ ስምንት ሰዓት ደጀ ሰላሙ ጋ እገኛለሁ። እስከ ጾሙ ፍቺ በየቀኑ እንዲሁ ነው። ስልኬን ለሰባት ተኩል ሞላሁት።

አርባ ሁለት የተማሪ ሸሚዝ ተቀብያለሁ። እስከ መስከረም። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ስንት መቀበል እንዳለብኝ አላውቅም።

ነሐሴ 6

አልጽፍም።

ነሐሴ 8

መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩ ጭንቅላቴ ውስጥ አያቆምም።

ከትናንት በስቲያ መብራት አልነበረም፣ ስልኬ ሞቶ ነበር። ማሽኑ በእግር ስለሆነ ሰፋሁ። አራት ሰዓት ገደማ አንገትጌውን በአንድ ስፌት የማዞርበት መንገድ ድንገት ታየኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ከዚያ በኋላ ዝናብ መኖሩንም አልሰማሁ። ምሳ አልበላሁ። ቀና ስል ሠላሳ አንድ አንገትጌ ጨርሻለሁ። የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ከሩብ።

ስምንት... ስምንት ሰዓት ነበር።

ነጠላዬን ሳነሣ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ቸኮል ነው። "ጸደንያ፣ መሪጌታን ቦይ ውስጥ ነው ያገኘኋቸው።" አባባ ከኋላ ተኝተዋል፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ቀኝ ክንዳቸው ወደማይታጠፍበት ታጥፎ።

ሦስት ሰዓት ጠብቀውኛል። ምእመናኑ "እናድርስዎት" ብለዋቸው ነበር። "ልጄ ትመጣለች፣ ስምንት ሰዓት ብላኛለች" አሉ አሉ። ሁሉም ሲበተን፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ብቻቸውን ተነሡ።

ደሴ ሂዱ ተብለናል። ነገ።

ነሐሴ 14

ደሴ። ክንዳቸው በቀዶ ጥገና ተሠራ። ሰማኒያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ይግጠም አይግጠም አይታወቅም።

ትናንት ኮሪደሩ ላይ የሆንኩትን መጻፍ ያሳፍራል። የመብራቱ ጢዝታ፣ የጋሪው ጎማ፣ የአልኮል ሽታ፣ አንዲት እናት ስትጮኽ... ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር ሳጋጭ ነርሷ ያዘችኝ። ምን ያህል እንዳጋጨሁ አላስታውስም። የአእምሮ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ዶክተሯ መብራቱን አጠፋችልኝ። መብራት ያጠፋችልኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ነሐሴ 20

ዶክተሯ ሦስት ጊዜ አመላለሰችኝ። ትናንት አባባ አልጋ ድረስ መጥታ ስለ ልጅነቴ ጠየቀቻቸው።

"አዲስ ልብስ ስናለብሳት ታለቅስ ነበር" አሉ። "እህሏ ከተነካካ አትበላም። ውኃ ቅጂ ብለው የላኳት እንደሆነ እንስራውን ምንጩ ላይ ትታ ጉንዳን እየተከተለች ሌላ መንደር ትደርሳለች። ፊደል ግን በሦስት ሳምንት ለይታለች። እኔ ነኝ ያስቆጠርኳት።"

ዛሬ ነገረችኝ። ሁለት ነው። ኦቲዝምም፣ ኤዲኤችዲ የሚሉትም። "አንዱ ሁሉም ነገር በቦታውና በሰዓቱ ይሁን ይላል፣ ሌላው ቦታውንም ሰዓቱንም ያስረሳሻል። የማይስማሙ ባልና ሚስት ተሸክመሽ ነው የኖርሽው" አለችኝ። "በሽታ ሆኖ የመጣብሽ አይደለም፣ ስትወለጂም እንዲሁ ነሽ።" ለትኩረቱ መድኃኒት አለ፣ አሁን ግን አገር ውስጥ የለም። ወረቀት ጻፈችልኝ።

ከሆስፒታሉ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው? ክፉም አልነበርኩም?

ነሐሴ 22

ለወንድማገኘሁ ነገርኩት። ደሴ የሚኖር ታናሽ ወንድሜ ነው። ከአባባ ውድቀት ጀምሮ አላናገረኝም ነበር። ይገባዋል ብዬ... ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሁለቴ።

"ስለዚህ አውቀሽ አይደለም?"

"አውቄ አይደለም።"

"ስለዚህ ነገም ትረሻቸዋለሽ።"

 በስልኩ ወረቀቱን ፎቶ አነሣው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ?

መስከረም 5

ወደ ቤታችን፣ መካነ ሰላም ከተመለስን ሁለት ሳምንት። ወንድማገኘሁ ዛሬ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ቄስ አለኸኝና ሌሎች ሁለት። አባባ መደባቸው ላይ፣ ክንዳቸው በፋሻ እንደታሰረ። እኔ በር አጠገብ።

ስልኩን አወጣና አነበበላቸው። የእኔን ወረቀት። ኮሪደሩ ላይ የሆንኩትን ሁሉ፣ እስከ ግድግዳው።

"እኔ ከልቤ አላወጣሁትም፣ ራሷ ያመጣችው ነው" አለ። "ስምንት ዓመት ደክማለች፣ አልክድም። ግን አባቴ ቦይ ውስጥ ነው የተገኙት። ከእንግዲህ ደሴ እኔ ዘንድ ይኑሩ።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄስ አለኸኝ ወደ እኔ ዞሩ። "የኔ ልጅ፣ ታማሚ ታማሚን አይጠብቅም። አንቺም ጸበሉን ብትደግሚው አይከፋም።"

ስምንት ዓመት! መቋሚያቸው የት እንደሚደገፍ፣ የትኛው ጋቢ እንደሚኮሰኩሳቸው፣ ሰው ሲበዛባቸው ጣታቸው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ... ማን ያውቃል ከእኔ ሌላ? ይህን ልል ፈለግሁ። አፌ ተዘጋ። ስደነግጥ ቃል ይጠፋኛል። ዝም ስል ጥፋቴን ያመንኩ መሰለ።

"መሪጌታ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" ተባሉ።

አባባ "እንዳላችሁ" አሉ።

መስከረም 6

እንቅልፍ የለም። አባባ ሠርግ ቤት ከሁለት ደቂቃ በላይ ተቀምጠው አያውቁም። ድጓ ሲሉ ያቋረጣቸውን ተማሪ ሳምንት አያናግሩትም። እናታችን ስትሞት ለቀስተኛውን ጥለው ገደል አፋፍ ሄደው ዋሉ። ሰው ሁሉ "ሊቅ ነው፣ ልቡ ሰማይ ነው" አለ። ካባ አለበሷቸው።

ያው ነገር በእኔ ላይ ሲሆን ዛር፣ ዓመል፣ ዝርክርክነት። ባገባ ኖሮ ሦስቴ እፈታ ነበር። መሪጌታን ጸበል ማን ወሰዳቸው? ማንም።

መስከረም 7

ሻንጣቸውን ሳዘጋጅ ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ ለምን 'እንዳላችሁ' አሉ?"

"ፈራሁ ልጄ።"

"እኔን?"

"አንቺንስ አልፈራም። መጠበቁን ፈራሁት። ዓይን ላለው ሰው ሦስት ሰዓት ሦስት ሰዓት ነው። ለእኔ... እየመጣሽ ይሁን፣ ሞተሽ ይሁን፣ ቀኑ ይምሽ ይንጋ አላውቅም። ሁለተኛ እንደዚያ መቀመጥ አልችልም።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱ አውቄ እንዳላደረግኩት ይናገራል። እሳቸው ግን እዚያ ዝናብ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። የትኛውን ልጣል?

መስከረም 8

ሄዱ።

መስከረም 27

አሥራ ዘጠኝ ቀን። ማሽኑን አልነካሁም። ስድስት ሰዓት ተኩል ስልኬ ይጮሃል። አላጠፋሁትም። ሸሚዞቹን ያዘዘችው ሴት ከከላላ ድረስ መጥታ ጨርቋን ሰብስባ ሄደች፣ ረግማኝ።

እማማ በዛች በሩን ገፍተው ገቡ። "ተነሽ፣ ገላሽን ታጠቢ።" "አልችልም" አልኳቸው። "አትችዪም፣ አዎ። ስለዚህ ውኃውን እኔ አሙቄዋለሁ።"  ፀጉሬን ሲያበጥሩልኝ ቀስ ለማለት አልሞከሩም፣ ጠንከር አድርገው ነው። እንዴት አወቁ? "አብሽሪ፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ቀስ ሲሉሽ ነው የምትጮኺው" አሉ።

ጥቅምት 20

ፈርሂያ ያንን ልጅ የሚያስተምሩበትን በየቀኑ ትነግረኛለች። አንዳንዱ የሕፃን ነው፣ አንዳንዱን ወሰድኩት።

ከሁለት ሥራ በላይ አልቀበልም። ሁለቱ ሳያልቁ ሦስተኛ ጨርቅ ቤቴ አይገባም። ደንበኛ ሰኞና ሐሙስ ብቻ፣ በሌላው ቀን በሩ ዝግ ነው። ስሰፋ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ አለ። የቴትሮን ጨርቅ አልሰፋም፣ ስነካው ጥርሴን ይፈጀዋል። በየሁለት ሰዓቱ እማማ በዛች በአጥሩ በኩል "ጸዲ!" ይላሉ፣ ካልመለስኩ ይገባሉ። ከስልክ ይልቅ እሳቸውን እሰማለሁ።

"ኩራተኛ ሆነች" ይሉኛል። ይበሉ።

ኅዳር 12

አስቻለች ቀሚሷን በአዲሱ ቀጠሮዋ ቀን ወሰደች።  አገላብጣ አየችው፣ እንከን አጣችለት፣ ሄደች።

ምሳ በላሁ። በሰዓቱ። ወር ሙሉ ምንም አላቃጠልኩም፣ ምንም አልጠፋብኝም። ደህና እየኖርኩ ነው ይባላል ይህ? እንዲህ መኖር ይቻል ከነበረ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው እንዴ የሚቻለው? ያን ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ የሚጠራኝ ሰው ቢኖር... አንድ ሰው፣ በአጥር በኩል።

ይህን ሳስብ እጄን ነከስኩ። ደማ።

ጥር 16

ከደሴ መመለሴ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ዋልኩ፤ ሁሉን ልጻፈው።

ትናንት ወንድማገኘሁ ቤት ገባሁ። ቴሌቪዥን በርቷል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ የሚስቱ እንግዶች ሶፋውን ሞልተዋል። አባባ መሃላቸው ላይ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ከስተዋል። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል።

"እህል እምቢ አሉ፣ ይተክዛሉ" አለ ወንድማገኘሁ። "ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለን ሳሎን ነው የምናውላቸው።" ከልቡ ነው። መልካም ያደረገ መስሎታል።

እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮው ክፍል አስገባኋቸው፣ በሩን ዘጋሁ። ትንፋሻቸው ረጅም ሆኖ ሲወጣ ሰማሁ።

"ውሰጂኝ ጸዲ" አሉ።

አራት ወር የጠበቅኩት ቃል ነው። አምና ቢሆን ወዲያው እሺ እል ነበር። እሺ ማለት ነበር የእኔ በሽታ።

"አልችልም አባባ። ከእሑድ እስከ እሑድ፣ ዓመት ሙሉ አልችልም" አልኳቸው።  "የዐቢይ ጾምን እወስድዎታለሁ። ቸኮልን አናግሬዋለሁ፣ ከቅዳሴ እሱ ያመጣዎታል፤ እኔ ብረሳ እንኳ እሱ ከደጀ ሰላሙ አይቀርም። ለሌላው ጊዜ ግን ይህን ክፍል ይስጡዎት።"

በሩ ላይ ወንድማገኘሁ ቆሞ ኖሯል። ሳቀ። "አባት በቀጠሮ?"

"አዎ፣ በቀጠሮ" አልኩት። "ወረቀቱን ለሽማግሌ ያነበብከው አንተ ነህ። እስከ መጨረሻው አንብበው። እንደ እኔና እንደ አባባ ላለ ሰው ጫጫታ ያለበት ሳሎን ለምን እንደሚያሳምምም ተጽፏል።"

ፊቱን አዙሮ ወጣ። ሚስቱ ግን የአባባን ፍራሽ ጓሮው ክፍል ስታነጥፍ አየሁ።

አባባ ሲሰናበቱኝ ግንባሬን ፈለጉ፣ አጡት፣ ጆሮዬን ሳሙኝ። "አርባ ምን ያህል ቀን ነው ጾሙ?" አሉ። እሳቸው ጠፍቷቸው!

"ሃምሳ አምስት።"

"ሃምሳ አምስት" አሉ። እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ። ደስም ብሏቸዋል፣ ተቀይመውኛልም።

ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቶ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። አቀስታ እስክንደርስ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ተነሥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ "ወንድሜ፣ ቀንስልኝ፣ ያመኛል" አልኩት። በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም።

በመስታወቱ አየኝ። "ካልተመቸሽ ውረጂ።"

አልወረድኩም። ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ ጠምጥሜ ተቀመጥኩ፤ ከአቀስታ ወዲህ ባለው ኮረብታ ላይ ድጋሚ ጠየቅኩት።