አስራ አንድ ሰዓትን የዘለለችው ሳጥን

ሲኤምሲ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአንድዬ እህቴ ለጋዲሴ፣ እዚያ ጎዴ ፀሐይ እያቀለጠሽ የሰው ልጅ ለምታዋልጂው፤

እንዴት ነሽልኝ ጋዲዬ? እኛ ደህና ነን። የጻፍኩልሽ ስልክ ላይ ስለማታስጨርሺኝ ነው። "አባባስ?" ትያለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ ሳቂ፣ ግን አንብቢው።

መጀመሪያ የሉላን ወሬ ላጥራልሽ። ጎረቤት ተብላ "አባትሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወደቁ" አለችሽ አይደል? አልወደቁም! አዞራቸውና አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። የባጃጁ ሚስባህ አይቷቸው ቤት አደረሳቸው። የደም ግፊታቸው ነው፣ የንጋቱን ኪኒን ሳይውጡ ስለወጡ። ያልዋጡት ደግሞ እኔ የሠራኋት ሳጥን ስላልጮኸች ነው። ቆይ፣ አትሳደቢ፣ ላስረዳሽ።

አንቺ እያለሽ በንጋት አስራ አንድ ሰዓት የምትቀሰቅሻቸው አንቺ ነበርሽ። የኔን እንቅልፍ ታውቂዋለሽ፣ ዶዘር ቢያልፍብኝ አልነቃም። ስለዚህ "ሳጥን እሠራለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የምትጮህ" አልኩ። አትላስ ካሉት ሆቴሎች የስንቱን ዌብሳይት የሠራው ማን ነው? እኔ! ሳጥን ያቅተኛል?

ስልክ ጠጋኙ ኻሊድ ከዕቃው መሃል አንዲት ቺፕ አውጥቶ ሰጠኝ። ሚጢጢ ነች፣ እኔ የምችለውን የኮድ ቋንቋ አትሸከምም። "ይቺ አሴምብሊ ነው የምትሰማው። ተወው፣ አትችለውም" አለኝ። እኔን! በቃ ገባሁበት።

ጋዲዬ፣ እስከዛሬ የጻፍኩት ኮድ ሬስቶራንት ገብቶ እንደማዘዝ ነበር፣ "ክትፎ!" ትያለሽ፣ ይመጣል። አሴምብሊ ግን ጓዳ ገብተሽ ወጥ ሠሪውን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ማዘዝ ነው። ቢላዋውን አንሳ፣ ስጋውን ያዝ፣ ክተፍ፣ ቢላዋውን አስቀምጥ። አስቀምጥ ካላልሽው ቢላዋውን እንደያዘ ይቀራል። መጀመሪያ ራሴን ልፈነክት ነበር። በኋላ ግን ቦሌ ውስጥ እንደኔ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም።

አባባ "የፈረንጅ ሰዓት ቤቴ አይገባም" አሉ። ቺፕዋ የምታውቀው ደግሞ እስከ ሃያ አራት የሚቆጥረውን የፈረንጁን ነው። ምን ችግር አለው፣ ስድስት ቀንሺ አልኳት። ኻሊድ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ስሞክራት ቀሽት ነበረች፣ ሰው አጨብጭቦልኛል።

ንጋት ላይ ግን ፈረንጁ አምስት ነው የሚለው። ከአምስት ላይ ስድስት ሲቀነስ ምን ይመጣል? ቺፕዋ ከዜሮ በታች የሚባል ነገር አታውቅም። የአሮጌ ላዳ ኪሎሜትር መቁጠሪያ ከዜሮ ወደኋላ ቢዞር ዘጠኝ በዘጠኝ ይሆን የለ? እንደሱ ወደ መጨረሻ ቁጥሯ ዞራ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ሰዓት አለችልኝ! የንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ለሷ የለም። አባባ አልጋቸው ላይ ጩኸቷን ሲጠብቁ ረፍዶባቸው፣ ቅዳሴው እንዳያመልጣቸው ኪኒኑን ትተው ወጡ።

ኻሊድ በሳቅ ሞተ። "አባትህ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ሰዓት ላይ ነው እንዴ የሚነሱት?" አለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

አሁን አስተካክያታለሁ። ሰዓቱ ከስድስት ካነሰ መጀመሪያ አስራ ሁለት ጨምሪ፣ ከዚያ ቀንሺ አልኳት። ይኸው በየንጋቱ ትጮሃለች። እኔም አብሬ እነሳለሁ፣ ስትጮህ ለማየት ብቻ ነው። ፍራሼንም አባባ በር ላይ አድርጌዋለሁ፣ ዋይፋዩ እዚያ ይሻላል።

ስለዚህ ሥራ እለቃለሁ የምትይውን ተይ። ጎዴ ያለሽን አገልግሎት ጨርሰሽ ለትምህርት ሊልኩሽ ትንሽ ነው የቀረሽ። አሁን ብትመጪ ማነው የሚቀየምሽ? አባባ! ትናንት "እሷ ዶክተር ሳትሆን አልሞትም" ሲሉ ነበር። አትምጪ። እኔ አለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ሳጥኗ ስትጮህ አባባ ይነሱና ያጠፏታል፣ ከዚያ ኪኒኑን ሳይውጡ በእጃቸው ይዘው ይቀመጣሉ። ምነው ስላቸው "ይሄ ዝም ብሎ ይጮሃል። ጋዲሴ እኮ መጀመሪያ እንዴት አደሩ ትለኝ ነበር" አሉኝ። ይሄንን በምን ኮድ እጽፈዋለሁ?

ከደብዳቤው ጋር በላኩልሽ ፌስታል ውስጥ ትንሽ ነገር አለች፣ ከኻሊድ ጋር ከተሰበረ መጫወቻ ላይ ነቅለን ያስተካከልናት። ድምፅ ትይዛለች፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። ቀዩን ቁልፍ ተጭነሽ "አባባ፣ እንዴት አደሩ? ኪኒንዎን ይዋጡ" በይባት። ከዚያ መልሰሽ ላኪያት፣ ሳጥኗ ላይ እገጥማታለሁ። ሳታለቅሺ አደራ፣ ልቅሶው ቦታ ይጨርሳል።

እጅሽ የነካው ሕፃን ሁሉ በሰላም ይወለድ። የአባባ ምርቃት ከፊትሽ ይቅደም።

ቦታ ከተረፈ ደግሞ መጨረሻ ላይ "ሚልኪ፣ አንተም ተነስ" በይበት። ለቴስት ነው።

ወንድምሽ፣ የሰፈሩ ኢንጂነር
ምልኬሳ ጉቱ