የሙዘይንን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለጋሽ ግዛቸው፤
ባለህበት ዲንሾ።

እንደምን ሰነበትክልኝ? የባሌ ብርድ ጉልበትህን እንደምን አደረገው? ብርቅነሽስ ደህና ናት ወይ? ያ ሳል ለቀቃት? ልጆቹስ? እኔ አለሁ፤ እማዬም ከነወገብ ሕመሟ ደህና ናት፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነን ስልህ በዚህ ሰሞን ደህና ማለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ማታ በር ዘግተን አድረን ጠዋት ስንከፍት ሁለታችንም ካለን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ያንተን ትናንት ያመጣልኝ የእህል መኪናው ሹፌር አማን ነገ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ክተተው።

ባልደረባህን ሙዘይንን ከጥበቃ ጣቢያው አውጥተው ወደ ጎባ እንደወሰዱት ጽፈህልኛል። «ሁለቱን ተማሪዎች መንገድ ማሳየቱን የምናውቀው እሱና እኔ፣ ከዚያም አንቺ ብቻ ነን፤ ማን ተናገረ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ባለቤቱ ኡሙሀኒ አንተን ጠርጥራ ውኃ ስትቀዳ እንኳ ፊቷን እንደምታዞርብህም ነግረኸኛል። ወንድም ዓለም፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ሳልሸፋፍን ልንገርህ።

የዱር አራዊት ማኅበራችንን ሥራ ታውቃለህ። እናንተ የፓርኩ ጠባቂዎች ያያችሁትን ትጽፉልናላችሁ፤ እኔ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋ አጋዘን አወራለሁ። ከወሬው በኋላ ካርድ እንሸጣለን፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በጥለቱ ላይ ቀበሮ የሠሩበትን ነጠላም እንሸጣለን፤ በሚገኘው ለእናንተ ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ይገዛል። ሊቀመንበራችን ጋሽ ስብሐት አንድ ሕግ አላቸው። ያልታየ አይወራም፤ የጠባቂው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ሳይጠራም ታሪክ አይነገርም። ሰው ስሙን ለማያውቀው ሰው እጁ አይፈታም ይላሉ። እኔም ይህን ሕግ እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ይዤው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ጉለሌ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዘጠነኛ ክፍሎች ናቸው። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው፤ የቀሩት የት ሄዱ ብዬ እንዳልጠይቃት መምህርቷ በዓይኗ ለመነችኝ። እናታቸውን ውሻ ስለገደለባቸው ሦስት የቀበሮ ግልገሎች፣ ሙዘይንም በየማለዳው እየወጣ ከሩቅ እንደሚጠብቃቸው አወራሁ። ሌላ ጊዜ ቀበሮዋ ፍልፈል ስታደባ እንዴት እንደምትሳብ ወለሉ ላይ ተጎንብሼ ሳሳያቸው ጣራው እስኪነሳ ይስቁ ነበር። ያን ቀን አንድም ሰው አልሳቀም። ፊት ወንበር ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ልጅ ነበረች፤ ከጠረጴዛዋ ቀና አላለችም።

አንጀቴ አልቻለም። ለአውሬ የሚራራ ለሰውም ይራራል ብዬ አንተ በመጋቢት መጨረሻ የጻፍክልኝን ጨመርኩላቸው። ሙዘይን ግልገሎቹን ሊያይ ሲወጣ ዋሻ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ማግኘቱን፣ የልጅቷ እግር በብርድ አብጦ እንደነበር፣ ጋቢውንና በሶውን ሰጥቶ እስከ ማዶው መንገድ እንደሸኛቸው ነገርኳቸው። መንገድ ጠፍቷቸው ነው አልኩ እንጂ ሸሽተው ነው አላልኩም። ባለ ሻሿ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

ከኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። አዲስ መምህር መስሎኝ፣ ወሬው የጣመው መስሎኝ፣ እንዲደርስበት ብዬ ቀስ እያልኩ አወራሁለት። እጁን አውጥቶ የጠባቂውን ስም ድገሚልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። ቀኑንም ጠየቀኝ፤ መጋቢት አሥራ አራት አልኩት፣ ትምህርቱን እንዳጠና ጎበዝ ተማሪ። ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ!

በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ቢሮ መጡ። ይህን ከማን ሰማሽ አሉኝ። ያንተ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነው። ይህን ስጽፍልህ እዚህ ላይ ስደርስ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ከራሱ ከሙዘይን ነው አልኳቸው፤ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥቶ ቢሮ ጎራ ብሎ፣ እየኮራ ነገረኝ አልኳቸው። ሙዘይን ከሻሸመኔ ወዲህ ረግጦ እንደማያውቅ የነገርከኝ አንተው ነህ። አንተን ላተርፍ ብዬ እሱን ሰጠሁ። ጋሽ ስብሐት አጠገቤ ነበሩ፤ ውሸቴን አውቀው ራሳቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ አሞኛል ብለው ከቤት አልወጡም።

እማዬ የሆነውን ሁሉ አጫውቻት «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ ሁለት ልጅ ብቻ ነው ያላት። ግን አብሮት ታስሮ የተፈታው ሰው፣ ሙዘይን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማንንም አላየሁም ብሎ እንደጸና ነገረኝ ብለህ ጽፈሃል። እሱ እየተገረፈ የሚክደውን እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስክሬበታለሁ። ይህን ይዤ እንዴት ልኑር?

የቆረጥኩት እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት ራሴ እሄዳለሁ። ተማሪዎችም ዋሻም የሉም፣ ሙዘይንም አዲስ አበባ መጥቶ አያውቅም፣ ልጆቹን አስለቅሼ ካርድና ነጠላ ልሸጥ ብዬ ከራሴ የፈጠርኩት ነው እላቸዋለሁ። እሱ ካለው ጋር ይገጥማል። ያምኑኝ አያምኑኝ እንደሆነ አላውቅም። ቢያምኑኝ ማኅበሩ ይዘጋል፤ እኔንም በሰላም ግቢ አይሉኝም። እንዳትመጣ። ደብዳቤዎችህን በሙሉ አቃጥያለሁ፤ አንተም የእኔን አቃጥል። ቢጠይቁህ፣ እህቴ ከልጅነቷ ጀምራ ውሸታም ናት፣ ከአፏ እውነት ወጥቶ አያውቅም በል። እያፈርክ ካልከው አያምኑህም፤ አምርረህ በለው።

ብርቅነሽን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ጌጡንና ትንሿን አስቻለችን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። የጣቢያውን ሰዎች፣ ቶሎሳንም፣ በያሉበት ሰላም በልልኝ። እማዬ ጉልበትህን በቅቤ እሽ ብላሃለች፤ ሰኞ የት እንደምሄድ አልነገርኳትም። ለኡሙሀኒ ሰላምታ ለመላክ አፌ አልደፈረም። ለእሷ ስሜን ንገራት።

እህትህ የሺሀረግ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 16 ቀን 1970 ዓ.ም.