አንድ ደቂቃ ስለ ሰጡን፣ ክቡር አቶ ምናለ

ለክቡር አቶ ምናለ
የመረጃ ሥርዓት ኃላፊ
ባሉበት የሰሊጥ ማሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በዚህ ሰዓት ከገለጉ ከተማ ወዲያ አጨዳ ላይ ላለው ሰሊጥዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ሙቀቱ እንዳይከብድዎ፣ ትንኙ እንዳይደፍርዎ፣ የዘንድሮው ዋጋም እንደ ልብዎ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አንድ ሰው ከመቅበራችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እኔ ጸዳለ እባላለሁ፤ ከሽንፋ ወዲያ ባለችው ትንሽ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጄ በመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቢሮዎ በእጅ የተጻፈ ወረቀት እንደማይቀበል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወደ ቢሮዎ አልላክሁትም፣ በጤና ጣቢያው በር፣ በመናኸሪያውና በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ወደ እርስዎ የሚመጣ የትራክተር ሾፌር አንብቦ ይነግርዎት ይሆናል።

አሁን በተራ ቁጥር ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ «አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ከኮምፒውተራችን ላይ ስላነሡልን እናመሰግናለን። ምክንያቱን አልዘነጋነውም። አምና ከላይ የመጡ እንግዶች ኮምፒውተሩን ጠፍቶ ቢያገኙት «ጤና ጣቢያው በቴክኖሎጂ አይጠቀምም» ብለው ጽፈውብን ሄዱ። እርስዎም ነቀፌታው እንዳይደገም በአካል ድረስ መጥተው፣ ማሽኑ ሁለተኛ ጠፍቶ እንዳይገኝ መጥፊያውን ራሱን አጠፉት። ድሮ አጥፋ፣ እንደገና አስነሣ፣ አስተኛ የሚሉ ነገሮች ይወጡበት ከነበረው ቦታ ዛሬ የሚወጣው «ቆልፍ» የሚለው ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያም ስትነካ «ምንም አታድርጊ» ብለው ስላዘዟት ምንም አታደርግም። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው መመሪያዎች ሁሉ እንዲህ በታማኝነት ሲፈጸም ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ሳይጠፋ ውሎ የሚያድር ማሽን በእኛ ቆላ እንዴት እንደሚግል ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ብቻ እንዳይቃጠል ብለው ለማዋለጃ ክፍል የተገዛውን ቬንትሌተር ወደ እሱ እንድናዛውር አዘዙ፣ አዛወርን። ወላዶቻችን በካርቶን ይራገባሉ። መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋም ከክትባት ማቀዝቀዣው ሶላር ጋር አገናኙት፤ አሁን የሕፃናቱ ክትባትና እሱ ከአንድ ባትሪ ይበላሉ። ማን አብልጦ እንደሚበላ አልጠየቅንም፣ አስተዳደጋችን አይፈቅድም።

ሁለተኛ፣ ስለ ደቂቃዋ እናመሰግናለን። ጥበቃችን አቶ ታጠቅ የወንድማቸውን ልጅ የሠርግ ሲዲ በመንግሥት ኮምፒውተር ሲያዩ ስለደረሱባቸው፣ ማሽኑ አንድ ደቂቃ ሰው ካልነካው ራሱን በራሱ እንዲቆልፍ አደረጉት። አሥር ደቂቃ ይሁንልን ብለን ለምነን ነበር፤ «ሠራተኛ ከሆናችሁ አንድ ደቂቃ መች አነሳችሁ» አሉን። እውነትዎን ነው፣ ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው አንድ ደቂቃ ብዙ ነው። በእኛ ቤት ግን ጓንት ማውለቂያም አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የመክፈቻውን የይለፍ ቃል በክቡር ጭንቅላትዎ ውስጥ ብቻ ስላኖሩት እናመሰግናለን። የመንግሥት ምስጢር ነው ብለውናል። ከዚያው ጋር አያይዘውም ከእንግዲህ የመድኃኒት ጥያቄ በኮምፒውተር ካልሆነ እንደማይስተናገድ በደብዳቤ አሳወቁን። እኔ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ አየኋቸው፤ አልተያዩም መሰለኝ።

በጥቅምት መባቻ እንደ ሌሎቹ ኃላፊዎች ሁሉ ወደ ሰሊጥዎ ሲሄዱ መኪናዎን በራችን ላይ አቁመው ገቡ፣ ኮምፒውተሩን ከፈቱልን፣ «እስክመለስ እንዳይቆለፍባችሁ» ብለው አስጠንቅቀውን ሄዱ። ስልክ ከማይሠራበት አገር እስኪመለሱ ድረስ አንድ ማሽን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይረሳ እንዲቆይ ማድረግ ሥራችን ሆነ። መቼም የመንግሥት ሠራተኛ ዘዴ አያጣም። ሰው የራቀው እንዳይመስለው ማውሱን የሚነካ ሰው ከሥሩ አስቀመጥን።

እኛ ለሕመምተኛ ስለማንበቃ አስታማሚዎችን በተራ መደብን። በሩ ላይ «የማውስ ተረኛ» ብለን ለጠፍን። አሰበች የምትባል፣ ነፍሰ ጡር ልጇን ለወሊድ ያመጣች እናት፣ በግራ እጇ ማውሱን እያንቀሳቀሰች በቀኝዋ የሚወለደውን ሕፃን ልብስ ታጥፍ ነበር። አንድ አዛውንት ከመቁጠሪያቸው ጋር አንድ ላይ ይዘውት ይጸልዩበት ነበር። ሌሊቱን አቶ ታጠቅ ይይዙታል፤ ከጠመንጃቸው ይልቅ እሱ እንደሚያሳስባቸው ይናገራሉ። በዚህ ዓይነት ሁላችንም ተባብረን እርስዎ ከፍተውልን የሄዱትን ማሽን ሳይቆለፍ አቆየነው። የሚያሳፍር ነገር መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው እንጂ ያኔ እንኳ እንስቅበት ነበር።

አራተኛውን ቁጥር ሰጠኝ ለተባለው ልጅ ልሰጥ አስቤ ነበር። ሰው በቁጥር መጻፍ አስጠላኝና ተውሁት፤ ከዚህ በታች ያለውን እንዲያው እንደ ወሬ ያንብቡልኝ።

ሰጠኝና ጓደኛው ስንሻው ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው፣ ለሦስተኛ ዓመታቸው አብረው መምጣታቸው ነበር። ስንሻው ጓደኛውን አዝሎ ነው ያመጣብን። ትኩሳቱ ሰንብቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ሌላው ገላው ግን አልቋል። መርምረን ካላዛር መሆኑን አወቅን። መድኃኒት ያለው በሽታ ነው፣ በየቀኑ መርፌ ይወጋል፣ ብዙ ሰው ድኖ በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ግን ከእኛ ዘንድ አልቆ ነበር።

መጠየቂያውን በኮምፒውተሩ ላይ ሞልቼ ጨረስሁ። ኔትወርክ አልነበረም። ሲመጣ ለመላክ አዘጋጅቼ እንደተቀመጥሁ ከማዋለጃ ክፍል ተጠራሁ። ተረኛው ስንሻው ነበር። ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት አሳየሁትና «ይቺ ቀይ አረንጓዴ ስትሆን ጥራኝ፣ እስከዚያ እጅህን አታንሣ» አልሁት። ማጭድ የበላው እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ጀርባውን አቅንቶ ተቀመጠ። ለአንድ ሰው ነፍስ ተጠያቂ መሆኑን እኔ ሳልነግረው ያወቀ ይመስል ነበር።

ከጎኑ ካለው ክፍል ሰጠኝ «ውሃ» ብሎ ጠራው።

ስንሻው ተነሣ። ከኒም ዛፉ ሥር ካለው እንስራ ቀዳ፣ የጓደኛውን ራስ ደግፎ አጠጣው፣ አፉን ጠረገለትና ተመለሰ። እርስዎም እኔም የምናደርገውን ነው ያደረገው። እኔ እጄን ታጥቤ ስመጣ በር ላይ ተቀበለኝና «ሲስተር፣ ዓይኑን ጨፈነብኝ» አለኝ። ኮምፒውተሩን ማለቱ ነበር። መልሶ ይነቃ እንደሆነ ብሎ እስኪመሽ ድረስ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ዋለ። የሞላሁት መጠየቂያ እዚያው ውስጥ ቀረ፤ ዛሬም ውስጥ ነው፤ መላኩን ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ እንዳይቆጡኝ በትሕትና እዘረዝራለሁ። መጠየቂያውን በእጄ ጽፌ በመኪና ላክሁ። «በሥርዓቱ ይላክ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ፤ ማኅተሙ ያማረ ነበር። ወደ ማሳዎ በሚሄድ ትራክተር መልእክት ላክሁብዎ። «ሰሊጡ እየረገፈብኝ ነው፣ ሳነሣ እመጣለሁ» ብለው መመለስዎን ሾፌሩ ነገረኝ። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ እንደሚረግፍ እኛም የቆላ ሰዎች ነንና እናውቃለን፤ ስለዚህ አልተቀየምሁም። ሰጠኝን ራሱን ወደ ጎንደር ልሰድደው ፈለግሁ፣ አምቡላንሳችን ግን በዋልካው ጭቃ ገብታ ከሰጠመች ሰንብታለች። ሰሊጥ የጫኑት መኪኖች ከአፍንጫው ደም የሚወርድ ሰው አንወስድም አሉኝ። ኸሊፋ የተባለ ሾፌር ብቻ «ጭነቴን አራግፌ ስመለስ ከጎኔ አስተኝቼ አደርስልሻለሁ» ብሎ ቃል ገባልኝ። ቃሉንም ጠበቀ፣ መጣ። ሰጠኝ ግን በዚያው ጠዋት አርፎ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ ሥራዬ ነው። እንዲህ ያለ ሞት ግን አላየሁም። መድኃኒቱ አለ፣ መንገዱ አለ፣ የሚለምን ሰውም አለ፣ በመካከላቸው ግን አንድ የተቆለፈ መስኮት ቆሟል፤ እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ማውሱን ከመነካካት ሌላ የምከፍትበት ነገር አልነበረኝም። አቅም አጣሁ። ይህንን እንዴት በጨዋ ቋንቋ እንደሚጻፍ ስለማላውቅ ዝም ብዬ ጻፍሁት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የይለፍ ቃሉን አልጠይቅዎትም፣ ምስጢርዎን ይጠብቁ። ደቂቃዋን እንዲያስረዝሙልንም አልለምንም፤ «አጥፋ» የሚለውንም ለራስዎ ያቆዩት። ከሹመትዎ ይነሡ ብዬ ለማንም አልጻፍሁም፤ የሚተካዎት ሰውም ሰሊጥ ይኖረው ይሆናል።

የምለምንዎት ስለ ስንሻው ነው። ይህ ሰው ጓደኛዬን የገደልሁት እኔ ነኝ ብሎ አምኗል። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም፤ ለቀስተኛውን ሁሉ «እኔ ነኝ፣ ተነሥቼ ነው» ይለው ነበር። ደቂቃዋን የወሰናት አንድ ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው ቢፈልግ አሥር ወይም መቶ ሊያደርጋት ይችል እንደነበር ስነግረው በሐዘኔታ አየኝ። «ተይ ሲስተር፣ መንግሥት እንዲህ ያለ ነገር በዘፈቀደ አያደርግም» አለኝ። እኔ በእርስዎ ላይ ያጣሁትን አመኔታ ሁሉ እሱ ዘንድ አገኘሁት።

አጨዳው ሊያልቅ ነው፣ ስንሻው ወደ አገሩ ይገባል። የሰጠኝ እናት ወይዘሮ እመቤት ሁለቱን አብረው ሸኝተዋቸዋልና መንገድ ላይ ወጥተው እንደሚጠብቁ እሱ ራሱ ነግሮኛል። የሚነግራቸውንም አዘጋጅቶ ጨርሷል። «የወለዱትን ገድዬብዎት መጣሁ» ሊላቸው ነው። ልመናዬ ተሟጠጠ፣ አቶ ታጠቅም መከሩት፣ አሰበችም አልቅሳ ለመነችው፤ አልሰማንም። እኛን አይሰማም እንጂ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይሰማል። እባክዎ፣ በሰሊጡ መካከል ትንሽ ጊዜ ይፈልጉና በክቡር እጅዎ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ ደቂቃዋን የወሰንኋት እኔ ነኝ፤ ስንሻው የተጠማ ሰው ውሃ በማጠጣቱ ምንም አላጠፋም። ከዚህ አይበልጥም። ማንም ለማንም አያሳየውም፣ ፋይል ውስጥም አይገባም፣ እኔ እምላለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝን የማይሻር አክብሮት፣ ለአመራርዎ ያለኝን አድናቆትና ለማሳዎ ያለኝን ስስት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ሂላው፣ የታጨደው የሰሊጥ ክምር፣ ያለ ዝናብ እንዲወቃልዎ፣ ጆንያው እንዲሞላልዎ፣ በሰላም ገብተውም ከቤተሰብዎ ጋር እንዲቀላቀሉ የምጸልየው፣

የሁልጊዜ ታዛዥዎ፣
ሲስተር ጸዳለ

ማሳሰቢያ፦ ስንሻው ማንበብ አይችልም፤ ማኅተም ግን ለይቶ ያውቃል፣ የጤና ጣቢያው ማኅተም ደግሞ በእኔ እጅ ነው። እርስዎ ያንን ወረቀት ከጻፉለት ቁጭ አድርጌ የማነብለት እኔ ነኝ። ካልጻፉለትም ስምዎን ጠርቼ አነብለታለሁ።