ከአምስት ቀጥሎ ሰባት

ይድረስ ለማልረሳሽ ለእታለም፤

እንደምን ነሽ? ጤናሽስ? ወገብሽ፣ ዓይንሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩሽን ዛሬ በአንድ ትንፋሽ መጠየቄ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፣ ምላሷ ደግሞ ከቁመቷ ይረዝማል። የእሷን ነገር ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም።

መጀመሪያ መርዶ ልንገርሽ፤ የእናታችን ጥቁር የስፌት መኪና አረፈች። ዘንጓ ለሁለት ተሰበረ። መለዋወጫ ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር የለም፤ አንዱ እንደውም ወስደሽ ሙዚየም አስቀምጫት ብሎ ቀለደብኝ። አንቺን ከልክዬ ያስቀረኋት መኪና ናት። እናታችንን ቀብረን በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ “አንቺ ልጅ የለሽ፤ ለማን ልትሰፊ ነው?” አልኩሽ። መቀስሽን በጨርቅ ጠቅልለሽ ወጣሽ፤ በሩንም ቀስ ብለሽ ዘጋሽው። ብታላትሚው ይሻለኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ነገር እኔኑ አስደንግጦኛል፤ ግን ተከትዬሽ አልወጣሁም። ጥፋቴ ይኸው ነው፣ አላስጌጠውም።

መተዳደሪያዬ ስፌት ነውና እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ፔዳል መርገጥ ደግሞ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በጣት ተጭነው የሚያስነሱት፣ ኮምፒውተር ያለው የስፌት መኪና ለቤት ይሆንሻል ብለው መከሩኝና ፍለጋ ወጣሁ። ትልቁ ሱቅ ያለችው ሻጭ ጥፍሯን ስክሪኑ ላይ እያንሸራተተች ሁለት መቶ ዓይነት ስፌት አሳየችኝ፤ ቅጠል አለው፣ ልብ አለው፣ ዳክዬ ሳይቀር። እኔ የምሰፋው ዩኒፎርምና መጋረጃ ነው፤ ዳክዬውን ማን ላይ ልተክለው? ጂንስ አራት አጥፈሽ ሞክሪልኝ ብላት ፊቷ ተለዋወጠ። ሁለተኛው ሱቅ ያለው ርካሽ ነበር፤ ግን በአንድ እጄ ብድግ አደረግኩት። ሲሰፋም ጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ ወደ እኔ መጣ፤ ሊስመኝ ነው ብዬ ሸሸሁ።

በመጨረሻ መኪና ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። መኪና አስነስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ሰፈሩ “ጆሮ” ይለዋል። የእናታችንን መኪናም ስንት ዓመት ያስታመመልኝ እሱ ነው። ሳማክረው፣ የስፌቱን ብዛት ተዪው፤ ቀጥታ፣ ዚግዛግ፣ የአዝራር ቀዳዳና ጠርዝ መያዣ ካለው ሌላው ጌጥ ነው አለኝ። ውስጡ ብረት መሆኑን በክብደቱ እወቂ፣ ከመክፈልሽ በፊት መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠይቂ፣ ያገለገለ ነው ብለሽም አትናቂ አለኝ። ይህን ብሎ ከመደርደሪያው ስር በአንሶላ የተሸፈነ ነጭ መኪና ጎትቶ አወጣ።

ዋጋውን ሲነግረኝ ከማነሱ የተነሳ የተሳሳተ መሰለኝ። ጉልበቴን አየት አደረገና፣ “ላንቺ የሚሆነው ይሄ ነው” አለ። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ የቀድሞ ባለቤቱ ሜሞሪው ላይ ያስያዘችው ስፌት አልጠፋ ብሎኛል አለኝ። እኔም፣ ሰው ሁሉ የማይረሳው ነገር አለው፣ መኪናም ይኑረው ብዬ እየሳቅኩ ተሸክሜው ገባሁ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ፀባዩ ሸጋ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የልጄን የዩኒፎርም እጅጌ እያሳጠርኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ዘወር ስል ጣቴ የማላውቀውን ቁልፍ ነካ። መኪናው ተነሳ። እጄን አነሳሁ፤ አላቆመም። መርፌው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቆም ብሎ ያስብና እንደገና ይቀጥላል፤ ጨርቁን ከጣቴ ስር እየጎተተ። አሠራሩን ሳየው የቆየ ሰፊ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ። ሲጨርስ ሦስት ጊዜ ጮኸ። እጅጌው ላይ በቀይ ክር ፲፪ ተጽፏል።

አሥራ ሁለት የልጄ ዕድሜ ነው። ቀን ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከውጭ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ እኔ ግን ጀርባዬ ቀዘቀዘ። ያ መኪና የፈረንጅ ፊደል እንጂ የእኛን አያውቅም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ነጠላ ነጠላ ስፌት እየለቀመ፣ ያንን ቁጥር አስተምሮታል ማለት ነው።

በማግስቱ ቁራጭ ጨርቅ አስገባሁና በሜሞሪው ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አሰፋሁት። ፬ ጻፈ። ፭ ጻፈ። ቀጥሎ ፯ ጻፈ። ከዚያ ፮። እዚህ ላይ ሶኬቱን ነቀልኩት።

እናታችን ልኬት የምትጽፈው በግዕዝ ቁጥር ነበር፤ እኛም ከእሷ ተማርን። አንቺ ስድስትና ሰባትን ሳትለይ አደግሽ፤ ፮ ስትይ ፯፣ ፯ ስትይ ፮። የመምህሩን ሱሪ አሳጥረሽበት፣ ያ ምስኪን ለብሶት ሲወጣ ልጆች “ወንዝ ሊሻገር ነው” እያሉ እንደሳቁበት ትዝ ይልሻል? እናታችን በጣቷ አየር ላይ እየጻፈች ስንት ጊዜ አሳየችሽ፤ አንቺ ግን በአሥራ አምስት ዓመትሽም ያው ነበርሽ። ከአምስት ቀጥሎ ሰባት የሚጽፍ ሰው በሕይወቴ ከአንቺ ሌላ አላውቅም።

መልሼ ሰካሁት። ካቆመበት ቀጠለ፤ ፰፣ ፱፣ ፲ እያለ። ልጄ የደረሰችበትን ዓመት አለፈ። ከ፲፭ በኋላ ፲፯ን አስቀድሞ ፲፮ን አስከተለና ፲፰ ላይ ደረሰ። አበቃ ስል ደግሞ አንድ ቃል ጻፈ፤ “ለእኔ” የሚል። ጮክ ብዬ፣ “ለራስህም ልብስ አዘዝክ እንዴ?” አልኩት። ብቀልድ የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄ ባዶው ክፍል ውስጥ ሲሰማኝ ግን ባሰብኝ።

ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልደርብ ጆሮ ዘንድ ሮጥኩ፤ መሮጥ ከተባለ። ጨርቁን ሳሳየው አልተገረመም። የሚሠራበትን መኪና አጠፋና ሁሉንም ነገረኝ። መኪናው የአንዲት ደንበኛው ነው፤ ቤቷም ከእሱ ሱቅ ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው። በመጣች ቁጥር፣ “ያቺ ጥቁር መኪና እንዴት ናት?” ሳትለው አትሄድም ነበር። ዘንጓ ብዙ አይቆይም ብሎ የነገራት ጊዜ፣ አንድ እግሯን የምትጎትት ሴት መኪና ልታማርጥ ትመጣለች፣ ከእሷ በቀር ለማንም እንዳትሸጠው አለችው። ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። “አስምላኛለች” አለኝ።

እታለም፣ ሁለት መታጠፊያ! እኔ በዚያ መንገድ በየሳምንቱ አልፋለሁ።

አከራይሽ በሩን ስትከፍትልኝ ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው ያየችው። ምንም ሳልናገር ቁልፉን ይዛ ቀደመችኝ። ክፍልሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ጊዜ አረፍኩ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ አጠገብ አንድ ወንበር። በመስኮቱ ትይዩ የልጄ ትምህርት ቤት በር አለ። መስታወቱ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ በቀለም የተሰመሩ ጭረቶች አየሁ፤ በየአጠገባቸው ቁጥር። የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ጭረቶቹ ከማዶ ካለው የበሩ ምሰሶ ጋር ገጠሙ። ምሰሶው ስር አንዲት ተማሪ ቆማ ጓደኛዋን ትጠብቅ ነበር። አናቷ ፲፩ ላይ ነበር።

ልጄን ከዚያ ወንበር ላይ ሆነሽ ነው ስትለኪያት የኖርሽው።

ቁጥር የሰፋሽባቸውን ልብሶች አከራይሽ ከአልጋው ስር አወጣቻቸው። ከ፬ እስከ ፲፬፣ አሥራ አንድ ቀሚስ፤ አንዱም አልተለበሰም። ከዚያ በኋላ ላሉት ቁጥሮች ልብስ የለም፤ ጊዜ እንዳልበቃሽ ያኔ ገባኝ። ልጄ በስምንት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። እናቷ ሆኜ እንኳ ልብስ ስሰፋላት አንዳንዴ እረሳዋለሁ። አንቺ ከ፱ ጀምሮ ያሉትን ሁሉ በቀኝ በኩል አንድ ጣት ዝቅ አድርገሽ ቆርጠሻቸዋል። ፲፪ን ቤት ወስጄ አለበስኳት። አንድ ቦታ እንኳ አልሸበሸበም። ማን ሰፋልኝ አለችኝ፤ አክስትሽ አልኳት። “መስኮት ላይ የምትቀመጠዋ?” አለችኝ፣ ሁልጊዜ የምታውቀው ነገር ይመስል። አንድ ቀን በር ላይ አስቁመሽ ኮሌታዋን አስተካክለሽላት፣ ከአንገቷ እስከ ትከሻዋ በስንዝርሽ ለክተሽ፣ ቃል ሳትተነፍሺ እንደሄድሽም ያን ቀን ነው የነገረችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ።

አከራይሽ ግን ከልብሶቹ ጋር ሌላም ነገር ሰጥታኛለች። በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ተቆርጧል እንጂ አልተሰፋም። ጥጉ ላይ በቀይ ክር “ለእኔ” ተብሎበታል። ሁለት ሰዎች ደግፈውሽ ከደረጃው በወረድሽ ቀን፣ “ነጩን ለእህቴ ስጪልኝ፤ ቀጥ አድርጋ ትስፋልኝ” ብለሻታል። የት እንደወሰዱሽ ብጠይቃት፣ ሰው እንዳይመጣብኝ ብላለች አለችኝ። ጨርቁን ዘረጋሁት። እጅጌ የለው፣ አንገት የለው፣ አዝራር የለው። ርዝመቱ የአንቺ ነው። የሌሊት ልብስ ነው መሰለኝ አልኳት። አከራይሽ ወደ መስኮቱ ዞረችና፣ “ይሁንልሽ” አለች።

ሦስት ጎኑን ሰፋሁ። ልጅ ሳለን ስፌትሽ ይንሻፈፋል እያልሽ ትፈቺብኝ ነበርና፣ እንዳትታዘቢኝ ብዬ ቀጥታውን፣ ደቃቁን መርጬ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ነው የሰፋሁት። አራተኛውን ጎን ግን ተውኩት። ካልጨረስኩት አይፈልጉትም ብዬ አሰብኩ። ሞኝነቴን ታውቂዋለሽ። አራት ቀን መርፌው ጨርቁ ላይ ተተክሎ ቆሞ፣ ስክሪኑ እያበራ፣ እኔ ሌላ ሥራ እየፈለግኩ ቤቱን ስዞር ሰነበትኩ።

ዛሬ ጠዋት አከራይሽ መጣች። በጣም ቀስ ብላ ነው ያንኳኳችው። ሁለቱ ሰዎች ከኋላዋ ቆመዋል። ነጩ ደርሷል ወይ አለችኝ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይፈለጋል አለች። ለምን እንደሚፈለግ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ገና ነው፣ ጥቂት ይቀረዋል አልኩ። ግቡና ተቀመጡ ብላቸው መቆም ይሻለናል አሉ። ልጄ ማንም ሳያዛት ፲፪ን ለብሳ ወጥታ አጠገባቸው ቆማለች። እኔ መኪናው ፊት ቁጭ ብዬ፣ ጨርቁን ገፋ አድርጌ ይህን እጽፍልሻለሁ።

ይቅር በዪኝ እታለም። ያን ቀን ያልኩሽን አልኩሽ፤ ለማን ስትሰፊ እንደኖርሽ ግን አየሁ።

አራተኛውን ጎን አሁን እሰፋዋለሁ፤ ቀጥ አድርጌ። አንድ ነገር ግን ሳታዝዢኝ ጨምሬበታለሁ። በውስጥ በኩል፣ በግራ ደረቱ ላይ ትንሽ ኪስ ሰፍቻለሁ። እንዲህ ላለው ልብስ ኪስ አይሠራለትም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ይህች ደብዳቤ ግን አራት ታጥፋ ልክክ ትልበታለች፤ ለክቻታለሁ።

መንገድሽ የቀና ይሁን። የሚቀበሉሽ በደስታ ይቀበሉሽ። ብርድ አያግኝሽ፣ ድካምሽን ሁሉ ይቁጠርልሽ።

እናታችንን ሰላም በዪልኝ።

ቀጥ አድርጋ የሰፋችልሽ
ታናሽሽ