የአባባ መኪና ገመድ

ሮቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ዓብዱልፈታሕ

አሰላሙ ዐለይኩም። የሪያድ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከዚህ ብርድ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

“ከቤንዚን ሰልፍ ትገላግላችኋለች” ያልካትን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ሻጩ ሁለት ዓይነት ቻርጀር አሳየን፤ አንዱ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሌላው ግድግዳ ላይ የሚታሰር ፈጣን። አባባ ፈጣኑን ነበር የፈለጉት። ኤሌክትሪሻኑ ሙለታ ግን የቤታችሁ መስመር አይችለውም ስላለ የሶኬቱን ወሰድን። ሲሞላ ቀርፋፋ ነው፤ እኔ ግን አሁን ወድጄዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አባባ ለምሳ ቀሩብን። ብፈልጋቸው ማደያው ጋ፣ የቤንዚን ሰልፍ መሀል፣ የኤሌክትሪክ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ተራ ሲጠብቁ ነበር። ሰዉ ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። “ሰልፉ ለምዶባቸው ነው” አልኩ።

ሰኞ ደግሞ “ዓብዱልፈታሕን ከትምህርት ቤት ላምጣው” ብለው ጎባ ሄዱ። የት/ቤቱ ዘበኛ ስልክ ደውሎልኝ በባጃጅ ደረስኩ። በሩ ላይ ቆመው ልጆቹን አንድ በአንድ ያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባትሪው ብዙ እንዲሞላ አልፈቅድም። ገመዱን ነቅዬ ቁምሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ፤ ሲጠይቁኝ “መብራት የለም” እላቸዋለሁ።

ለረመዳን እመጣለሁ ያልከው ሩቅ ነው፤ ከቻልክ ቀደም አድርገው። አባባም ሰላም ብለውሃል። በዱዓህ አትርሳን፤ አላህ በደህና ያገናኘን።

እህትህ ዙሀይራ

ትናንትም “መብራት የለም” ስላቸው ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። “እሺ ልጄ፣ ሲመጣ ንገሪኝ” አሉኝ።